ሰማያዊዋ ክዳን የእናንተ፣ መርዙ የእኛ

በዚህ ከተማ ስለ መኪና የሚወራው ወሬ አያልቅም። ዋጋው፣ ቀረጡ፣ ታርጋው፣ የማደያው ሰልፍ፣ የትራፊክ ፖሊሱ... አንድ ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሃይሉክስ መከራከር የሚችል ትውልድ ነን። መኪና ሳይኖረን! (እንዲያውም ያለው ሰው ብዙም አያወራ፤ የሚያወራው የሌለው ነው።) በዚያ ሁሉ ክርክር መሃል ግን አንዲት ነገር ስትነሳ ሰምተን አናውቅም። ብዙ ጊዜ ከናፍጣ ማስገቢያው ጎን የምትቀመጠው፣ ሰማያዊ ክዳን ያላት ሁለተኛዋ ሰልባትዮ።

ለማታውቋት እናስተዋውቃችሁ። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠሩ ዘመናዊ የናፍጣ መኪኖች፣ ከባድ የጭነት መኪናውም ደብል ጋቢና ፒክአፑም፣ ከናፍጣ ሌላ አንድ ፈሳሽ ይጠጣሉ። በተለመደው የንግድ ስሙ "አድብሉ" ይባላል። 32.5 በመቶው ዩሪያ፣ 67.5 በመቶው ደግሞ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ነው። አዎ፣ ያው ገበሬው ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ፤ እጅግ የተጣራው ዓይነት ግን። ይህ ፈሳሽ ሞተር ውስጥ አይገባም። ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ማርሚታው በሚሄደው ትኩስ ጋዝ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይረጫል፤ ሙቀቱ አሞኒያ ያደርገዋል፤ አሞኒያው ካታላይዘሩ ውስጥ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባሉትን መርዛማ ጋዞች ያገኝና ወደ ተራ ናይትሮጅንና ወደ ውሃ እንፋሎት ይለውጣቸዋል። ናይትሮጅን ማለት ደግሞ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ነው። ማንንም አይጎዳም። ለዚህ ሁሉ ውለታ መኪናው የሚጠይቀው ለ100 ሊትር ናፍጣ ከ3 እስከ 5 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ነው።

ታዲያ ከተማችን ለዚህ ጥበብ የሰጠችው መልስ ምን ይመስላችኋል?

"አጥፋልኝ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈሳሹ ሊያልቅ ሲል ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይበራል። ችላ ሲባል፣ እንደ መኪናው ዓይነት፣ ወይ ጉልበቱ ይቀንሳል ወይ አንዴ ከጠፋ አልነሳም ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ባለመኪናው እንዳይረሳ። የእኛ ባለመኪና ግን ፈሳሹን ፈልጎ ከመሙላት ይልቅ ጋራዥ ይሄዳል። ላፕቶፕ ይመጣል፣ ገመድ ይሰካል፣ የመኪናው ኮምፒውተር ፕሮግራም ይቀየራል። ወይም ከሲጋራ ፓኮ የማትበልጥ ሳጥን ትገጠምና ለኮምፒውተሩ "ሁሉ ሰላም ነው፣ ፈሳሹ ሙሉ ነው፣ ጋዙ ንጹሕ ነው" እያለች ዕድሜ ልኳን ስትዋሽለት ትኖራለች። መብራቱ ጠፋ፤ መርዙ ቀጠለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ አበው። ባለመኪናውም ከጋራዡ ሲወጣ የተገላገለ ሰው ፊት ይዞ ነው የሚወጣው። ከምን ነው የተገላገለው? ከጥቂት ሊትር ዩሪያ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ስለ ድሮው ሃይሉክስ አይደለም የምናወራው። 20 እና 30 ዓመት ያገለገለው፣ ጎመንና ሲሚንቶ እኩል የሚጭነው፣ ባለቤቱን አሳድጎ ልጆቹን ያስተማረው ፒክአፕ ሰማያዊ ክዳን የለውም። ኖሮትም አያውቅም። እሱን የሠሩት ሰዎች ይህንን ሥርዓት አልገጠሙለትም፤ ባለቤቱ የሌለውን ነገር አላጠፋም። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ተሠርተው በዱባይ በኩል ከሚመጡት ፒክአፖችም ብዙዎቹ ያለዚህ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። ጠባችን ከእነዚህ ጋር አይደለም። ጠባችን ሥርዓቱ ተገጥሞለት፣ ተከፍሎበት፣ እየሠራ ከመጣው መኪና ላይ ገንዘብ ጨምሮ ከሚያስነቅለው ሰው ጋር ነው። ድሃው በድህነቱ ያጨሳል። አንተ ግን በምርጫህ ነው፣ ወንድማችን!

የሚሰጡንን መልሶች ሰብስበናል። አንደኛውና ዋነኛው "ጭስ እኮ የለውም" የሚል ነው። እውነት ነው፣ ላይታይ ይችላል። ችግሩም እሱ ነው። እኛ አበሾች ብክለት የምንለው ጥቁሩን ብቻ ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ካላጠቆረ ንጹሕ ነው ብለን እናልፋለን። አድብሉ የሚያጠፋው ግን ጥላሸቱን አይደለም፤ ለጥላሸቱ ሌላ ማጣሪያ አለው (እሱንም የሚያስወጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው)። አድብሉ የሚያጠፋው በዓይን የማይታየውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ የመተንፈሻ ቧንቧን ያቆስላል፣ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ከሌሎች ጋዞች ጋር ተዋህዶ ሳንባ የሚያቃጥል ኦዞን ይፈጥራል። የአዲስ አበባን የእኩለ ቀን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። በአውሮፓ ሕግ አንድ የናፍጣ አውቶሞቢል በኪሎ ሜትር እንዲያወጣ የሚፈቀድለት ናይትሮጅን ኦክሳይድ በዩሮ 3 ዘመን 500 ሚሊ ግራም ነበር፤ በዩሮ 6 ወደ 80 ወርዷል። ያ ሁሉ ዓመት የፈጀ ልፋት በአንድ ከሰዓት በላፕቶፕ ይደመሰሳል።

ሁለተኛው መልስ "መጀመሪያ ሲኖትራኩን አስቁሙ" ነው። በስሙ ቀልደን የማንጨርሰውን፣ "ቀይ ሽብር" ያልነውን ገልባጭ መሆኑ ነው። ልክ ናቸው፤ ሲኖው ይቁም። አይሱዙውም ይቁም፣ "አልቃይዳ" ብለን ስም ማውጣታችን ብቻውን ያመጣው ለውጥ የለም። ነገር ግን የሌላው ሰው ኃጢአት ለአንተ ፈቃድ የሚሆነው በየትኛው ሃይማኖት ነው? የሌባ ዓይነ ደረቅ...

ሦስተኛው መልስ ከሁሉ የተሻለ ስለሆነ በአክብሮት እንቀበለዋለን። "ናፍጣችን ድኝ አለበት፤ ሥርዓቱን ያበላሸዋል" የሚለው። ድኝ (ሰልፈር) ካታላይዘርንና የጥላሸት ማጣሪያን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። አውሮፓ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በናፍጣዋ ውስጥ የምትፈቅደው ድኝ በሚሊዮን 10 እጅ ብቻ ነው። በጎረቤቶቻችን በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ፣ እንዲሁም በሩዋንዳና በቡሩንዲ ከጥር 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ልኩ 50 ሆኗል። በ2016 እ.ኤ.አ. ፐብሊክ አይ የተባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት ከ8 የአፍሪካ አገሮች ማደያዎች ናፍጣ ቀድቶ ሲያስመረምር በማሊ የተገኘው ከአውሮፓው ልክ 378 እጥፍ ድኝ ነበረበት፤ በአውሮፓ ለመሸጥ የማይፈቀደውን ነዳጅ ለአፍሪካ ገበያ እየቀላቀሉ የሚያቀርቡት የስዊዘርላንድ ነጋዴዎች መሆናቸውንም አጋልጧል። ስለዚህ የናፍጣ ጥራት ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው። ነዳጃችን ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ከውጭ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚገዛውን የመምረጥ ዕድል አለው። መንግሥት በጅቡቲ በኩል የሚያስገባው ናፍጣ ስንት ድኝ እንዳለበት ዋጋው በሚለጠፍበት ማደያ ላይ አብሮ ይለጠፍልን! ዋጋውንማ በየጊዜው እየነገራችሁን ነው።

ግን ወዳጄ፣ ናፍጣው ቆሻሻ ስለሆነ ማጣሪያውን ልንቀለው ማለት፣ ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ማጥለያውን ልጣለው እንደማለት አይሆንም? ሥርዓቱ ቢደክምም ይሠራል። ባዶ ሲሆንና ሲታለል ግን ጨርሶ አይሠራም።

አራተኛው "አይገኝም" የሚል ነው። እውነት አለበት። ማደያዎቻችን የሞባይል ካርድ፣ ማስቲካ፣ የመስታወት መጥረጊያና የሚንጠለጠል ሽቶ ይሸጣሉ፤ አድብሉ ግን ከናፍጣ ፓምፑ ጎን ቆሞ የሚጠብቅበት ማደያ የሚያጋጥም ብርቅ ነው። ታዲያ ማን እንዲሸጠው ትፈልጋላችሁ? ገዢው ሁሉ አስጠፍቶት! ነጋዴ የማይፈለግ ዕቃ አያመጣም። የተለየ የሃይሉክስ መብራት፣ የተለየ ጎማ፣ ባለ ብር ፍሬም መስታወት ስትፈልጉ ሶማሌ ተራን ገልብጣችሁ ታገኛላችሁ እኮ! ባይገኝ ከዱባይ በሰው ታስመጣላችሁ። ዩሪያና ውሃ ላይ ስንደርስ ነው ጉልበታችሁ የሚከዳችሁ።

አሁን ወደ የካ እንውጣ። ይህ ሁሉ ነገር ከጋራዥ ወሬነት ወጥቶ የሰው ሳንባ የሚሆነው እዚያ ነውና።

የካ ክፍለ ከተማ የከተማዋ የምሥራቅ በር ነው። ከደሴና ከደብረ ብርሃን የሚመጣው መኪና ሁሉ በሰንዳፋ፣ በለገጣፎ፣ በካራ አድርጎ ኮተቤን አቋርጦ መገናኛ ይገባል። የላምበረት መናኸሪያም እዚያው ነው። አንድ ሰው ኮተቤ መንገድ ዳር ቆሎ እየሸጠ ቢውል በቀን ስንት ሞተር ፊቱ ላይ እንደሚተነፍስበት አስቡት። በስተሰሜን ደግሞ መንገዱ ሁሉ ዳገት ነው፤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ፣ ከየካ ሚካኤል ሽቅብ፣ እስከ እንጦጦ ሰንሰለት። ዳገት ማለት ለሞተር ጭንቅ ነው። ማርሹ ይወርዳል፣ ናፍጣው ይጨምራል፣ የሚወጣው ጋዝም ይጨምራል። ሌላም አለ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚወጣው በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር እዚያ ላይ አየር አጥቶ ጥላሸት የሚተፋው ለዚህ ነው። የሰው ሳንባም አየር የሚያጥረው እዚያው ላይ ነው። ሁለቱ እኩል ያለከልካሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን ትንፋሽ ነው የሚስበው።

ማን ነው እዚያ ዳገት ላይ በእግሩ የሚሄደው? በመጀመሪያ እንጨት ለቃሚዎቹ እናቶች። በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከገባ ጀምሮ የዚህ ከተማ ምድጃ የነደደው በእነሱ ጀርባ ነው። ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ አፍንጫቸው በመኪናው ማርሚታ ከፍታ ልክ ሆኖ ነው የሚወርዱት። ይህንን ለማሳመር አይደለም የጻፍነው፤ አንድ ቀን ቆማችሁ ልኩን እዩት። ቀጥሎ ሯጮቹ። ኃይሌ ገብረሥላሴን ጨምሮ ስማቸውን እየጠራን የምንኮራባቸው ሯጮች ልምምድ ያደረጉበት ተራራ ነው። ሯጭ በእረፍት ላይ ካለ ሰው ብዙ እጥፍ አየር ይስባል፤ አየሩ ውስጥ ያለውንም እንዲሁ። ከዚያ ተማሪዎቹ፣ ጸበልተኞቹ፣ ተሳላሚዎቹ...

ማን ነው ደግሞ በፒክአፕ የሚወጣው? ቅዳሜና እሑድ "ንጹሕ አየር ልውሰድ" ብሎ የሚወጣው! የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ እንጦጦ የከተማው ሰው የመዝናኛ ቦታ ሆኗል፤ ደስ ይለናል፣ እኛም እንሄዳለን (በታክሲና በእግር)። ግን ሰማያዊ ክዳኑን አስነቅሎ፣ ያን ሁሉ ዳገት ናይትሮጅን ኦክሳይድ እየረጨ ወጥቶ፣ ከላይ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ "ኧረ አየር!" ብሎ ፎቶ የሚነሳ ሰው ሲታይ ምን ይባላል? አየሩን ከታች ላሉት ጨርሶባቸው እኮ ነው የመጣው!

በበጋ ጠዋት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ከእንጦጦ ቁልቁል ከተማዋን ያየ ሰው ያውቃል። ቀዝቃዛው አየር ከሥር ተኝቶ ሞቃቱ ከላይ እንደ አክንባሎ ይገጥምበታል፤ የምድጃውም፣ የቆሻሻውም፣ የመኪናውም ጭስ ከሥሩ ይታፈናል። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ያለቀውን ሕዝብ እያሰብን እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን "ኅዳር ሲታጠን" ብለን ጥራጊ እናቃጥላለን። አባቶቻችን በሽታን በጭስ ለማባረር ነበር ያጨሱት። እኛ በምን ምክንያት ነው 365 ቀን የምንታጠነው?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ በአንደኛው ምድብ ያስቀመጠው በሰኔ 2004 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ወረቀቱ ሞልቷል። ቦሎ ለማደስ በየዓመቱ ተሰልፈን መኪና እናስመረምራለን፤ ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ የሻንሲ ቁጥሩ ይታያል። "ሰማያዊዋን ክዳን ክፈትና አሳየኝ" የተባለ ሰው ግን እኛ እስካሁን አላገኘንም። የአሜሪካ ኤምባሲ የአዲስ አበባን አየር እየለካ ለሕዝብ ያሳየው የነበረው መረጃም በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በዓለም ዙሪያ ሲያቋርጠው አብሮ ተቋርጧል። የራሳችንን አየር በሰው መለኪያ ማወቃችን ሳያንስ እሱንም አጣነው።

"ኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፣ ይህ ሁሉ ያለፈ ወሬ ነው" የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል፤ ጥሩ። ግን የገባው የት ይሄዳል? በዚህ አገር መኪና አይሞትም፤ ይወረሳል። ዛሬ የተነቀለው ሥርዓት ሳይመለስ ያ ፒክአፕ ከባለሀብቱ ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ገጠር እያለ ሌላ 25 ዓመት ይተነፍስብናል።

ፈረንጆቹ ጻድቅ ናቸው እያልን አይደለም፤ እንዳይመስላችሁ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተጋለጠው ፎልክስዋገን በ11 ሚሊዮን መኪኖች ላይ የጫነው ፕሮግራም ያው የእኛ ጋራዥ ሳጥን ነው፤ ምርመራ ላይ ሲሆን ጨዋ፣ መንገድ ሲወጣ ዱርዬ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን ፎልክስዋገንንና ቢኤምደብሊውን በድምሩ 875 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። ጥፋታቸው? የአድብሉ ሰልባትዮ ስፋት ላይ እንኳ ከዳይምለር ጋር ተመሳጥረው፣ ሕጉ ከሚጠይቀው የተሻለ በማጽዳት እንዳይወዳደሩ ተስማምተው መገኘታቸው። ዳይምለር ምስጢሩን ቀድሞ ስላወጣ ከቅጣት ተረፈ። አሜሪካም ብትሆን በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የገበሬዎችንና የሾፌሮችን ምሬት ሰምታ፣ ፈሳሹ ሲያልቅ ወይም ሥርዓቱ ሲበላሽ መኪናው በድንገት ጉልበት እንዳያጣ አምራቾች ፕሮግራማቸውን እንዲያስተካክሉ መመሪያ አውጥታለች። መንገድ መሃል መቆም የሚያስከትለውን እኛም እናውቃለን፤ ማታ ካራ ላይ የቆመ መኪና ቀልድ አይደለም። ማስጠንቀቂያውን ማላላት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሥርዓቱን መንቀል ሌላ።

ደግሞ ፈሳሹ ንቀት የሚገባው ነገር አይደለም። ቻይና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የዩሪያ ኤክስፖርቷን ስታጠብቅ ደቡብ ኮሪያ በሙሉ ተንቀጠቀጠች። የጭነት መኪኖች እንዳይቆሙ ፈርታ ወታደራዊ አውሮፕላን አውስትራሊያ ድረስ ልካ 27,000 ሊትር አስመጣች። ለአድብሉ! እኛ ዩሪያ ስንል የሚታየን ማዳበሪያ ነው፣ የክረምት ሰልፍ ነው፣ ያልደረሰለት ገበሬ ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ጋር በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት ተፈርሟል። መጀመሪያ ለማሳው ይድረስ፤ በዚህ አንከራከርም። ከዚያ ሁሉ ቶን ውስጥ ግን ለመኪና የሚሆን ጥቂት የጠራ ዩሪያ ስለማውጣት አሁኑኑ ካልታሰበ፣ ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር እኛ ጀሪካን ይዘን ዱባይን ስንጠብቅ እንገኛለን።

እስከዚያው ለሚሞላው ሰው (አለ፤ ጥቂትም ቢሆን አለ) ጥቂት ነገር እንበል። የማዳበሪያ ዩሪያ በቧንቧ ውሃ በጥብጦ መሙላት ቁጠባ አይደለም፤ ቆሻሻውና ማዕድኑ መርጫውን ይደፍነዋል፣ ካታላይዘሩን ይገድለዋል። ናፍጣ የተቀዳበትን ጀሪካንና ፈነል አትጠቀሙ። አድብሉን ናፍጣ ውስጥ ከጨመራችሁት ወይም ናፍጣውን አድብሉ ውስጥ፣ ቁልፉን ሳታዞሩ መካኒክ ጥሩ፤ ካስነሳችሁት ወጪው ሌላ ነው። ቀለሙ ላይ ከፈሰሰ በውሃ እጠቡት። ሙቀት ይጠላል፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ጀሪካን አትግዙ፣ የተመረተበትንም ቀን እዩ። የሚረጋው ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የእንጦጦ ብርድ አያሰጋውም። እንዲያውም የአዲስ አበባን አየር የመሰለ ማስቀመጫ ከየትም አያገኝም።

እናንተ ደግሞ ዘመናዊ ፒክአፕ ያገለገለ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሻጩ ኮፈን ከፍቶ ሞተሩን ሲያስጎበኛችሁ እናንተ ሄዳችሁ ሰማያዊዋን ክዳን ክፈቱ። አፏ ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ከጋገረባት ስትሞላ ነበር ማለት ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው። አቧራ ጠጥታ ውስጧ ደርቆ ከተገኘና ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት ካልበራ፣ አጥፍተዋታል። ሥርዓቱን ወደነበረበት ለመመለስ ስንት እንደሚፈጅ ጠይቁና ከዋጋው ላይ ይቀነስልኝ በሉ።

ሻጩ ከሳቀ መኪናውን ተዉለት።